እኔም ኮሚቴው ውስጥ ነበርኩ

ባለፈው ዓመት ለሰባት ወር ያህል የስልኬ ዋና ሥራ ቪዲዮ መቁረጥ ነበር። ዘፈን አይደለም፣ ቀልድም አይደለም። የአክስቴ ልጅ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመው በሳምንት ሦስቴ ዳያሊሲስ ማድረግ ነበረባት። ገንዘቡ ደግሞ ከቤተሰቡ አቅም በላይ ሆነ፤ የታላቅ ወንድሟ የወር ደመወዝ ለአንድ ሳምንት ዕጥበት እንኳ አይበቃም ነበር። እናም እኔ «ልጁ ስልክ ይችላል» ተብዬ የገቢ ማሰባሰቢያው ኃላፊ ሆንኩ። የቲክቶክ አካውንት ከፈትኩ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ፣ የባንክ ሒሳቡን ቁጥር በትልልቁ ጽፌ ቪዲዮው ላይ ለጠፍኩ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ቪዲዮ ሄደልን። «ሄደ» ስል እናንተ በምታውቁት ትርጉም ነው፤ ማታ ለጥፌው ተኛሁ፣ ጠዋት ስነሳ ስልኬ በኖቲፊኬሽን ብዛት ግሏል። መጀመሪያ የአክስቴ ልጅ የምርቃት ጋውን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ይመጣል፣ ቀጥሎ ማሽኑ አጠገብ የተኛችበት። ሁለቱን ማከታተል የእኔ ሐሳብ ነበር፣ በራሴም ኮርቼ ነበር። ገንዘብ መጣ። ከዱባይ መጣ፣ ከዋሽንግተን መጣ፣ ስሙን ካልጻፈ ሰው ሃምሳ ብርም መጣ።

ከዚያ በኋላ ነው እዚያው ዕጥበት ክፍል ውስጥ፣ ከእሷ ሁለት አልጋ እልፍ ብለው የሚታጠቡ ሰውዬ በእጃቸው የጠሩኝ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። የአንድ ጋራዥ ጥበቃ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል። «አንተ ልጅ፣ ለእህትህ የሠራህላትን ለእኔም ትሠራልኛለህ?» አሉኝ። እሺ አልኳቸው፣ ሠራሁም። ግን እውነቱን ልናገር፤ ጋሼ ለቪዲዮ አይመቹም። የምርቃት ፎቶ የላቸውም። ካሜራ ፊት አያለቅሱም። «ኧረ ተው፣ ሰው ምን ይለኛል» እያሉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሁለት ቪዲዮ ለጠፍኩላቸው። ያየው ሰው አምስት መቶ አልሞላም፣ ብር የላኩት ሦስት ናቸው። ሦስተኛ ቪዲዮ አልሠራሁም። ሥራ በዛብኝ አልኳቸው። እሳቸውም «አይዞህ፣ ገባኝ» አሉኝ። በሳምንት ሦስቴ የነበረው ዕጥበታቸው ሁለቴ ሆነ፣ ከዚያ አንዴ። አንድ ማክሰኞ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ አገኘሁ። ሲስተሯን በዓይኔ ጠየቅኳት፤ እሷም በዓይኗ መለሰችልኝ።

ስለዚያ አልጋ እያሰብኩ ነው ስለ ሲያትል ማንበብ የጀመርኩት። (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው፤ በእኛ የሆነውን እነግራችኋለሁ።)

መጀመሪያ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ኩላሊት ጡጫ የምታክል ነገር ናት። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ከደማችን እያጣሩ አብዛኛውን መልሰው ይሰጡናል፤ የማይፈለገው ሽንት ሆኖ ይወጣል። ሥራ ሲያቆሙ ውሃውም ቆሻሻውም ሰውነት ውስጥ ይቀራል። እግር ያብጣል፣ ሳንባ ውሃ ይይዛል፣ ፖታሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ሲከማች ልብን በድንገት ያቆማል። ዳያሊሲስ ማለት ደሙን በቱቦ አውጥቶ፣ በማጣሪያ አሳልፎ፣ አጽድቶ መመለስ ነው። ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል። አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ሳምንት ደግሞ 168 ሰዓት አለው፤ ጤነኛ ኩላሊት ያን ሁሉ ሰዓት ነው የሚሠራው። ለዚህ ነው የአክስቴ ልጅ የምትጠጣው ውሃ በሲኒ የሚለካው። ለዚህም ነው አንድ ቀን መዝለል ቀልድ ያልሆነው።

ለሰው በእርግጥ የጠቀመውን የመጀመሪያ ማሽን የሠራው ቪለም ኮልፍ የሚባል ኔዘርላንዳዊ ሐኪም ነው። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ አገሩ በናዚ የተያዘችበት ዘመን፣ ቦታው ካምፐን የምትባል ትንሽ ከተማ። ዕቃ የለም። ስለዚህ ቋሊማ የሚጠቀለልበትን ሴሎፎን በእንጨት ከበሮ ላይ ጠምጥሞ፣ ከበሮውን ጨው ባለው ውሃ ውስጥ እያሽከረከረ ደም ማጣራት ጀመረ። ይህ በ1943 ነው። የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎቹ ተራ በተራ ሞቱበት፣ እሱ ግን አላቆመም። በ1945 በማሽኑ ከሞት ተረፈች የምትባለው የመጀመሪያዋ ሰው የ67 ዓመት ሴት ነበረች። ማን እንደነበረች ታውቃላችሁ? የናዚ ተባባሪ ነበረች ተብላ የታሰረች ሴት። ጦርነቱ ገና ማብቃቱ ነው፤ በዚያ ከተማ ለእሷ መዋጮ ይሰብሰብ ቢባል ማን ሳንቲም ይሰጥ ነበር? ኮልፍ ግን ሐኪም ነው፣ የታመመች ሴት መጣችለት፣ አከማት፣ ነቃች። ይህችን ሴት አስታውሱልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

የኮልፍ ማሽን አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት። ሰውየው በታጠበ ቁጥር አዲስ የደም ሥር መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚቆረጥ ደም ሥር ያልቃል። ስለዚህ የሚጠቅመው ኩላሊቱ ለጥቂት ሳምንት ደክሞ ለሚያገግም ሰው ብቻ ነበር። ኩላሊቱ ለዘለዓለም የሞተ ሰው መጨረሻው መሞት ነው፣ በቃ።

እዚህ ላይ ነው ቤልዲንግ ስክሪብነር የሚመጣው። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪምና ተመራማሪ ነው። አንድ ታካሚ ሊሞት ሲል ወደ እሱ መጣ፣ ማሽኑ ላይ ሲያወጡት ተሻለው፣ ተነስቶ ተቀመጠ፣ ተጫወተ። በኋላ ሲታይ ኩላሊቱ የማይመለስ ሆኖ ተገኘ። ስክሪብነር ለቤተሰቡ ያን ነገራቸው፤ ሰውየውን ወደ ቤቱ ወሰዱት፣ ሞተ። ይኼ ሐኪሙን እንቅልፍ ነሳው። ከዕለታት በአንዱ ሌሊት ሐሳብ መጣለት፦ በየጊዜው ከመቁረጥ ይልቅ ለምን አንድ ጊዜ ቱቦ አስገብተን እዚያው አንተወውም? አንዱን ጫፍ ደም ቅዳ ውስጥ፣ ሌላውን ደም መልስ ውስጥ፤ ማሽኑ ላይ በማይኖርበት ጊዜ ሁለቱን ከቆዳ ውጭ በጠመዝማዛ ቱቦ ማገናኘት፣ ደሙም እንዳይረጋ ሲዞር መክረም። ቱቦው የተሠራው ከቴፍሎን ነው፤ አዎ፣ መጥበሻ ላይ እንቁላል እንዳይጣበቅ የሚቀባው ያ ቴፍሎን። ደምም አይጣበቅበትም። ዌይን ክዊንተን የሚባል ኢንጂነር ቱቦውን ሠራለት፣ መጋቢት 1960 ክላይድ ሺልድስ የሚባል የቦይንግ ፋብሪካ ሠራተኛ ክንድ ላይ ገባ። ሺልድስ የ39 ዓመት ሰው ነበር፣ ሊሞት ቀናት የቀሩት። አሥራ አንድ ዓመት ኖረ።

በነገራችን ላይ ያ ቱቦ ዛሬ የለም። በ1966 ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ የነበሩ ሐኪሞች የራስን ደም ቅዳና ደም መልስ በቀዶ ሕክምና ማገናኘት እንደሚቻል አሳዩ፤ ፊስቱላ ይባላል። እኛ አገር ፊስቱላ ሲባል ሰው የሚያስበው ሌላ ነገር ስለሆነ፣ የአክስቴ ልጅ «ፊስቱላ ይሠራላታል» ሲባል እናቷ ደንግጣ የሆነችውን መሆን ትታ ነበር። ማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ወደ ሲያትል እንመለስ። ሰው ማዳን ተቻለ፤ ችግሩም ያኔ ነው የተወለደው። በ1962 መጀመሪያ በከተማዋ የዳያሊሲስ ማዕከል ተከፈተ። አልጋው ጥቂት ነው፣ የአንድ ሰው ወጪ በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ነው፣ ሊሞቱ የደረሱት ደግሞ ብዙ ናቸው። ማን ይግባ? ሐኪሞቹ «ይህን እኛ ብቻ አንወስንም» አሉና ከከተማው ሕዝብ ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ጠበቃ፣ ቄስ፣ የባንክ ሰው፣ የቤት እመቤት፣ የመንግሥት ሹም፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪና አንድ ቀዶ ሐኪም። ስማቸው አይታወቅም። ሐኪሞቹ አስቀድመው ከ45 ዓመት በላይ የሆኑትንና ልጆችን ከዝርዝሩ እንዲያወጡ መከሯቸው። ከቀሩት መሐል ኮሚቴው ነበር የሚመርጠው። ትዳር አለው? ስንት ልጅ ያሳድጋል? ገቢው ስንት ነው? ምን ተምሯል? ሥራው ምንድን ነው? ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል? ለወደፊቱስ ምን ይጠቅማል?

በዚያው ዓመት ኅዳር ሻና አሌክሳንደር የተባለች ጋዜጠኛ ስለ ኮሚቴው ላይፍ መጽሔት ላይ ጻፈች፤ አሜሪካም ደነገጠች። ሰዎቹ በኋላ «የእግዚአብሔር ኮሚቴ» የሚል ስም ወጣላቸው። ትችቱ ብዙ ነበር፣ ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነው፦ እነዚህ ሰባት ሰዎች የሚመርጡት ራሳቸውን የሚመስለውን ሰው ነው። ደመወዝተኛ፣ ባለትዳር፣ ባለ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ። ብቸኛው፣ ያልተማረው፣ ዘመድ የሌለው፣ ጠባዩ የሚያስቸግረው ከውጭ ይቀራል።

ይህን ሳነብ ማታ ነበር፣ አልጋዬ ላይ፣ ስልኬን ፊቴ ላይ ደፍቼ። መጀመሪያ የተሰማኝ ቁጣ ነው። «እነዚህ ሰዎች እንዴት ያለ ልብ ነው ያላቸው!» አልኩ። ሁለት አንቀጽ ዝቅ ስል ግን አንድ ነገር ጎኔን ወጋኝ። የምርቃቱን ፎቶ መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ለምን ነበር? «የተማረች ናት፣ ለአገር ትጠቅማለች» ለማለት አልነበረም? ቪዲዮው ሥር ከተጻፉት አስተያየቶች ብዙዎቹ «ገና ልጅ ናት»፣ «ቆንጆ ናት፣ ታሳዝናለች»፣ «የተማረች ልጅ አትሙት» የሚሉ ነበሩ። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ መልክ፣ ለወደፊት የሚሰጠው ጥቅም። የሲያትል ዝርዝር እኮ ነው! የጋሼን ቪዲዮ ደግሞ ሰው በሁለት ሰከንድ አልፎታል። በሲያትል ቢሆን ገና በዕድሜያቸው ይወድቁ ነበር፤ እዚህም ወደቁ።

እንዲያውም የሲያትሎቹ ከእኛ አንድ ነገር ይሻሉ ነበር ብል ትቆጡኝ ይሆናል። እነሱ ቢያንስ ተሰብስበዋል፤ ፋይሉን አንብበዋል፤ «ይሄን ሰው አልቀበልም» ሲሉ እያወቁት ነበር። እኛ ማንንም ሳንከለክል ነው የምንከለክለው። ጣታችን ወደ ላይ ትገፋለች፣ ሌላ ቪዲዮ ይመጣል። የትኛው ቪዲዮ ለማን እንደሚታይ የሚወስነው ደግሞ አልጎሪዝም ነው፤ እሱ የሚያየው ሰው ስንት ሰከንድ ቆየ የሚለውን ነው እንጂ ማን ዛሬ ማታ ሳንባው ውሃ እንደሚይዝ አይደለም። እናም ካምፐን ውስጥ የዳነችው ያች ሴትዮ በእኛ ቲክቶክ ላይ ብትወጣ ስንት ሼር ታገኝ ነበር?

«ታዲያ አንርዳ ነው የምትለው?» እንዳትሉኝ። አይደለም። እኔ ራሴ በሰው ሃምሳ ብር የአክስቴን ልጅ ሰባት ወር አቆይቻለሁ፤ የላኩትን ሰዎች እስክሞት አልረሳቸውም። ነገር ግን ደግነት አንድን ሰው ሊያድን ይችላል፤ ወረፋ ሊያስተካክል አይችልም። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ እኛ ሁለተኛውንም ለደግነት ሰጥተነዋል።

የሲያትሉ ታሪክ እንዴት እንዳለቀ ስመለከት ይኼ የበለጠ ገባኝ። በ1964 አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ታመመች። ኮሚቴው ልጅ አይቀበልም። አልበርት ባብ የሚባል የዚያው ዩኒቨርሲቲ የኑክሌር ምህንድስና ፕሮፌሰር ቤተሰቡን ያውቅ ነበርና ከስክሪብነር ጋር ሆኖ በጥቂት ወራት ውስጥ እቤት የሚቀመጥ ማሽን ሠሩላት። ቤቷ ሆና ታጠበች። በዚህ ታሪክ ልቤ ይሞቃል፣ ደግሞም ይከፋኛል። ምክንያቱም የዳነችው ፕሮፌሰር የሚያውቃት ልጅ ናት። ማሽኑ ግን እሷ ጋ አልቀረም፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰው የቤት ዕጥበት በር ከፈተ። ስክሪብነርም ሰው እቤቱ ይታጠብ እያለ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ይሟገት ነበር።

ኮሚቴውን የገደለው ግን ማሽን አይደለም፣ ሕግ ነው። ኅዳር 1971 የታካሚዎች ማኅበር አባል የሆነ ሼፕ ግሌዘር የሚባል ሰው ዋሽንግተን ዲሲ ድረስ ሄዶ፣ የምክር ቤቱ ኮሚቴ በተቀመጠበት አዳራሽ፣ እንደራሴዎቹ እያዩት ዳያሊሲስ አደረገ። ዛሬ ቢሆን ላይቭ ይገባ ነበር። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ግሌዘር ያን ያደረገው ለራሱ ብር ለመለመን አልነበረም፤ ለሁሉም የሚሆን ሕግ ለመጠየቅ ነው። ጥቅምት 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሕጉን ፈረመ። ከሐምሌ 1973 ጀምሮ ኩላሊቱ የሞተ አሜሪካዊ፣ ከሞላ ጎደል ማንም ይሁን፣ የዕጥበቱን ወጪ የመንግሥት መድን መክፈል ጀመረ። ባለትዳር ነህ ወይ፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለህ ወይ የሚል ቀረ። ሰባቱም ሰዎች ሥራ ፈቱ።

ያ ሕግ ጣጣ የለውም ማለቴ አይደለም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ዳያሊሲስ ላይ ነው፣ ወጪው የትየለሌ ነው፣ አብዛኛው ዕጥበት በአትራፊ ኩባንያዎች እጅ ገብቷል፤ ስክሪብነርም በሕይወት እያለ ይህን አጥብቆ ይነቅፍ ነበር።

«አሜሪካ ሀብታም ናት፣ እኛን ከእሷ ጋር ምን አገናኘን?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እንግዲያው ታይላንድን እዩ። በ2008 ታይላንድ ዳያሊሲስን በአገር አቀፍ የጤና መድኗ ውስጥ ስታስገባ የአሜሪካን ያህል ገንዘብ አልነበራትም። ስለዚህ መጀመሪያ የመረጠችው በሆድ በኩል የሚደረገውን ዕጥበት ነው፤ ትልቁ ማሽን አያስፈልገውም። ሆድ ውስጥ በቱቦ ፈሳሽ ይገባል፣ ቆሻሻውን ይስባል፣ ከሰዓታት በኋላ ይወጣል፣ ታካሚው እቤቱ ሆኖ ራሱ ይሠራዋል። ገጠር ያለ ሰው በሳምንት ሦስቴ ከተማ መመላለስ አይጠበቅበትም። ኬንያም በቀድሞው ብሔራዊ መድኗ በሳምንት ሁለት ዕጥበት ትሸፍን ነበር። ሁለት ከሦስት ያንሳል፤ ግን የጥበቃ ሠራተኛውም የተመራቂዋም ሁለት ነበር።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። በመስከረም 2008 (አሁን በእኛ ነው) ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ኩላሊት መተካት ጀምሯል። ያ እንዲሆን ዓመታት የለፉ ሐኪሞች አሉ። ንቅለ ተከላ ግን የሚሰጥ ዘመድ ይፈልጋል፣ የሚሰጠው ሰው ጤነኛ መሆን አለበት፣ ደሙ መግጠም አለበት፤ ያ እስኪሆን ድረስ ደግሞ ሰውየው እየታጠበ መቆየት አለበት። ዞሮ ዞሮ ዕጥበቱ ላይ ነው የምንመለሰው። እኔ ባየሁት ዕጥበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ሁሉም የሚከፍለው ከኪሱ ነበር፣ ወይም ከእናንተ ኪስ።

እኔ የምለው አዲስ ነገር አይደለም፣ አያቶቻችን ያውቁታል። ዕድር እኮ ድንኳን የሚተክለው ሟቹ መልከ መልካም ነበር ወይ ብሎ ጠይቆ አይደለም። ተናዳጅም ቢሆን፣ ከጎረቤት ጋር የተጣላም ቢሆን፣ መዋጮውን ከከፈለ ድንኳኑ ይመጣል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። ማንም ሰው ዕድሩ እንዲቀብረው ቪዲዮ አይሠራም። ለሞት እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣ ሕዝብ ለመዳን ሲሆን ለምን በሼር ይተዳደራል? የማኅበረሰብ ጤና መድን የሚባለው ነገር ራሱ ከዕድር የራቀ ሐሳብ አይደለም፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፣ የታመመው ይታከምበታል። የኩላሊት ዕጥበትም እዚያ ውስጥ በግልጽ ደንብ ይግባ ነው የምለው። በሳምንት ሁለቴም ቢሆን። በሆድ በኩል የሚደረገውም ቢሆን። ሁሉንም ማዳረስ ካልተቻለም «ይህን ያህል ሰው፣ በዚህ ወረፋ፣ በዚህ መመዘኛ» ተብሎ ተጽፎ ይለጠፍ፤ የተከለከለውም ሰው ለምን እንደተከለከለ ይወቅ፣ ይሟገት።

በዚህ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ጥያቄ ይገባኛል። አንድ የጤና ባለሙያ ወዳጄ «በአንድ ሰው የዓመት ዕጥበት ስንት ሕፃን ይከተባል፣ ስንት እናት ትወልዳለች፣ አስበኸዋል?» ብሎኛል። አስቤዋለሁ፣ እንቅልፍም ነስቶኛል። እሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ያም ቢሆን ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ ከሆነ ደግሞ በአደባባይ የሚወስነው ሰው ይኑረው። አሁን የሚወስነው የእኔ የቪዲዮ መቁረጥ ችሎታ ነው። በዚህ ደግሞ እሱም አልተከራከረኝም።

ወዳጄ የነገረኝ ሌላም ነገር አለ፣ ይህንን ለእናንተ ሳላስተላልፍ ባልፍ ይቆጣኛል። ኩላሊት ሲታመም አይጮህም። ብዙው ሰው የሚያውቀው ሥራዋን ልታቆም ስትል ነው። ከትልልቆቹ ምክንያቶች ሁለቱ ስኳርና ደም ግፊት ናቸው፤ ሁለቱም በርካሽ ይታወቃሉ። የደም ግፊት መለካት የደቂቃ ሥራ ነው። የሽንትና የክሬቲኒን ምርመራም ከአንድ ዕጥበት ጋር የሚወዳደር ወጪ የለውም። ወገቤን ባመመኝ ቁጥር ከፋርማሲ እየገዛሁ የምውጣቸው እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ሲደጋገሙ ኩላሊት እንደሚጎዱ የነገረኝ እሱ ነው። የአክስቴ ልጅ ደም ግፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለካው በ24 ዓመቷ፣ ራሷን ስታ ሆስፒታል የገባች ቀን ነው። ከዚያ በፊት ማንም አልለካትም፣ እሷም አልጠየቀች፤ በ24 ዓመት ደም ግፊት ማን ያስባል? እኔም ይህን ከሰማሁ በኋላ ተለካሁ። ትንሽ ከፍ ይላል ተባልኩ። ጨው እየቀነስኩ ነው፤ ከእናቴ ጋር በዚህ በየቀኑ እንጣላለን።

የአክስቴ ልጅ አሁንም ትታጠባለች። ከገቢው የተረፈው በሳምንት ሁለቴ ከሆነ እስከ ጥር ያደርሰናል። ቪዲዮ ስለጥፍ ድሮ ያህል አይሄድም፤ ሰው ፊቷን ለምዶታል። «አሁንም አልዳነችም እንዴ?» ብሎ የጻፈም አለ። ዳያሊሲስ እንደማያድን፣ እንደሚያቆይ፣ ለዚያ ሰው ለመመለስ ጀምሬ ተውኩት።

ባለፈው ሐሙስ አስታማሚዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ሆኜ ስጠብቅ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ እጁ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አለ፣ አንገቱ ላይ ያለው ቱቦ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከሳምንት በፊት ነው የጀመረው። ዝም ብሎ ቆየና «ወንድሜ፣ ቪዲዮ የምትሠራው ልጅ አንተ ነህ አሉኝ» አለ። አዎ አልኩት። ስልኬን አወጣሁ፣ ካሜራውን ከፈትኩ፣ «የምርቃት ፎቶ አለህ?» ልለው አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው የዋጥኩት።